በሟቹ ስም የገቡ ማርኮች

ሞጣ ባለው ኮሌጅ ሬጅስትራር ሥራ የጀመርኩ ዕለት ኃላፊው የተማሪዎቹ መዝገብ ያለበትን ኮምፒውተር፣ የሰርቨሩን ክፍል ቁልፍ ሰጡኝና፣ «ይኼ ከጠፋ ተማሪዎቹ ሁሉ ጠፉ ማለት ነው» አሉኝ። ቁልፉን ከማተቤ ጋር አንገቴ ላይ አሰርኩት።

ኋላ መዝገባችን ኢንተርኔት ላይ ወዳለ ማከማቻ፣ ወደ ክላውድ ተዛወረ፤ ክፍሉም ባዶ ቀረ። መምህራን ካሉበት ሆነው በየስማቸው እየገቡ ማርክ ይሞላሉ። የገባው ሰው ስም ከገጹ አናት ላይ ይበራል። የእኔ ሥራ የመምህራኑን መግቢያ መክፈትና መዝጋት ሆነ።

መምህር ይታያል የሚባሉ መምህራችን ቢቸና ቤታቸው ታመው አረፉ። የተመራቂዎቹን ማርክ አልሞሉም ነበር። ከቀብር በተመለስን ሳምንት ገጹን ስከፍት ስማቸው በርቷል። ባዶው ሳጥን ውስጥ ቁጥር ገባ። ቆየት ብሎ ከሥሩ ሌላ። አማተብኩ።

የኮምፒውተር ባለሙያችን ኑሩ ቀልደኛ ነው። «እትዬ ዘውዴ፣ እዚያም ኔትወርክ ገባ ማለት ነው» አለ። ሦስተኛው ቁጥር ሲገባ ግን እሱም ቀልዱን ትቶ ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበ።

ወደ መምህሩ ስልክ ደወልኩ። ተነሣ። «መምህር?» አልኩ ሳላስበው። ትንፋሽ ብቻ ሰማሁ፤ ተዘጋ።

ኃላፊው፣ «ሌባ ነው፣ ዝጊው» አሉ። «የገባው ይሰረዛል። ልጆቹ ዘንድሮ አይመረቁም።»

«አንድ ቀን ይስጡኝ» አልኳቸው።

በማግስቱ ቢቸና ሄድኩ። ጥሩ የምትባለው ባለቤታቸው ጥቁር ለብሳ፣ የታረመ የፈተና ወረቀት ከፊቷ ከምራ፣ በባሏ ስልክ ትሞላለች።

«እህቴ፣ ስደውል ምነው ዝም አልሽ?» አልኳት።

«‹መምህር› ስትይኝ ምን ልበል? አርሞ ጨርሶ ነበር፤ መሙላት አቃተው። ‹የልጆቹን ነገር› እያለ ነው የሄደ። ዕዳ እያለበት አርባውን እንዴት ላውጣ?»

የሞላችውን ከወረቀቱ ጋር አንድ በአንድ አመሳከርኩ። ልክ ነበር። የቀረውን እሷ እያነበበች እኔ በስሜ ሞላሁ። ከዚያ የመምህሩን መግቢያ ዘጋሁ። ስማቸው ከገጹ አናት ላይ ጠፋ። ጥሩ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።

ወረቀቱን ተሸክሜ ተመለስኩ፤ የሆነውን ሳልደብቅ ተናገርኩ። ኃላፊው አገላብጠው አዩና አጸደቁት። ልጆቹ ተመረቁ። እግዚአብሔር ይመስገን።

በቦታዬ ለምትተኩ፦ ገጹ የገባውን ስም ያሳያል፤ የማን እጅ እንደሆነ አያሳይም። ከመዝጋታችሁ በፊት ቤቱ ሄዳችሁ ጠይቁ።