የይማም ቋጠሮ

እኔን ብሎ የፍርድ ቤት ጉዳይ ተከታታይ! «ሀ» ሲሉኝ የሚያዛጉ የሚመስለኝ ሴትዮ። ዛሬ የልጅ ልጄ ቀጠሮዋን ከስልኳ ላይ ስታይ ሳቄ መጣ። የኔ ስልክ ቃጫ ነበር።

በደርግ ጊዜ ነው፤ ኮረዳ ነኝ። ገንዳ ውሃ ፍርድ ቤቱ በር ላይ፣ ኒም ዛፍ ሥር ከርከዴ አፍልቼ እሸጣለሁ። አህያ የተነጠቀውም ሰው የፈነከተውም እኔው ጋ ነው የሚቀመጥ። ቀጠሮ ሲሰጣቸው ቃጫ ላይ እቋጥርላቸዋለሁ፤ ለአንድ ቀን አንድ ቋጠሮ። «በየጠዋቱ አንድ ፍታ፤ ያለቀብህ ዕለት ና» እላለሁ። እኩል የተቋጠረ መንታውን ለራሴ አስቀርቼ፣ እኔም በየጠዋቱ አንድ አንድ እፈታለሁ።

ይማም ከወሎ ለሰሊጥ አጨዳ የመጣ የቀን ሠራተኛ ነው። አህያዬን ወሰደብኝ ብሎ አንዱን ገበሬ ከሶ፣ ቃጫዬን አንገቱ ላይ አስሮ ሄደ። በሳምንቱ ከወንድሜ ከካሳ ጋር እማሳው ላይ ተጣሉ። በነጋታው ይማም የለም። ደም የነካው ሸሚዙ ብቻ ከነዶው ሥር ተገኘ። ካሳን ገድለሃል ብለው አሰሩት።

የካሳ የወንጀል ቀጠሮና የይማም የአህያ ቀጠሮ አንድ ቀን ዋለ። እኔ ጋ የቀሩትን የሁለቱን ቃጫ ጎን ለጎን ባያቸው ቋጠሯቸው እኩል ነው። «ካለ በዚያ ቀን ይመጣል» ብል፣ ጎረቤቴ ዘነቡ «አፈር የበላው ሰው አህያ ይከሳል?» ብላ ሳቀችብኝ።

ቀኑ ደረሰ፤ ዘነቡም አብራኝ መጣች። ያ ሙቀት! ቅጠል አይነቃነቅ። ጠሪው ወጣ።

«ከሳሽ ይማም!» ዝም።

«ከሳሽ ይማም!» ዝም።

ሦስተኛው ካለፈ መዝገቡ ይዘጋል፤ የወንድሜ ተስፋም አብሮ። እኛ ቆላ ደግሞ ለማያውቁት ድምፅ ሦስቴ ሳይጠራ አቤት አይባልም፤ ጋኔን ሁለቴ ነው የሚጠራ።

«ከሳሽ ይማም!»

«አቤት።»

ከኋላዬ ነው። ዞርሁ። ይማም ቆሟል፤ ከስቶ ዓይኑ ብቻ ቀርቷል። ቃጫው አንገቱ ላይ አለ፤ ቋጠሮ የለበትም።

ዳኛው አዩት፤ ካሳ ዕለቱን ተለቀቀ። ከርከዴ ቀዳሁለት፤ አልጠጣም።

«የት ከርመህ ነው?»

«በጠቡ አፍንጫዬ ደምቶ ሸሚዜን ጥዬ ሱዳን ተሻገርሁ። እዚያ ወባ ጣለኝ። እስከ ትናንት ራሴን አላውቅም ነበር፣ እቴ።»

«ታዲያ ቋጠሮውን ማን ፈታልህ?»

አንገቱን ዳሰሰ። «እኔም አንቺን ልጠይቅሽ ነበር።»

አህያውን ተረክቦ በጎንደር መንገድ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ያየው የለም።

አሁንም ሰው ሲጠራኝ ሦስተኛውን እጠብቃለሁ። ልጆቼ ደንቁራለች ይላሉ፤ ይበሉ። እኔስ ካጠገቡ የተኛ በሽተኛ ፈታለት ብዬ ልቤን አሳርፈው ነበር፤ ዘነቡ ናት ያን ለታ ወደ ቤት ስንመለስ እንቅልፌን የነሳችኝ፦

«አንቺ ፊቱን አየሽ፤ እኔ እግሩን ነው ያየሁት። ከሱዳን በእግሩ መጣ አልሽ? አቧራ አልነካውም።»