ቦሰና ያለቀሰችለት ሰው

ደብረ ብርሃን ሲኒማ የሚባለው ነገር በመኪና ተጭኖ መምጣት በጀመረ ጊዜ፣ ከፊልሙ ይልቅ ቦሰናን ለመስማት የሚወጣው ሰው ይበዛ ነበር። ሃምሳዎቹ ገና መግባታቸው ነው። መኪናዋ ከአዲስ አበባ ትመጣለች፤ በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ነጭ አቡጀዲ ይወጠራል፤ ሞተሩ ይንደቀደቃል፤ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ሰዉ ባናውን ተከናንቦ ሣሩ ላይ ቁጭ ይላል። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ግን ማን ይቀራል! ቦሰና ከፊት ናት። ምላሷ ደግሞ ከሞተሩ ይበልጣል።

እጅ መታጠብ የሚያስተምር ፊልም መጣ። ነጭ የለበሰ ሐኪም አንዱን ሰውዬ በሳሙና ያሳጥበዋል፣ ያሳጥበዋል፣ አይጨርስም።

«ወንዝ ወርዳ የቀዳችለትን ሴት መቼ አሳየን?» አለች ቦሰና። «ወይስ ውሃው ከሰማይ ነው የሚንቆረቆርለት?»

የፈረንጅ ከተማ ታየ፤ ሰው ሁሉ ይጣደፋል። «ምነው፣ ቤታቸው እሳት ይዟል?» አለች። ሁለት ሰዎች ተቃቅፈው ሲሳሳሙ ሲሳሳሙ፣ «እነዚህ ከመጡ ጀምሮ እህል አልቀመሱም እኮ» አለች። አንዲት ሴት ባሏ ሞተና አፍንጫዋን በመሐረብ ጠረግ አድርጋ ኮፍያዋን አስተካከለች። ቦሰና ዘወር ብላ ሕዝቡን ጠየቀች፦ «የሞተው ባሏ ነው ወይስ ጉንፋን ነው የያዛት?»

ሰው በሳቅ ፈረሰ። መሳቅ ያልወደደች አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ ሸዋወርቅ። ምክንያት ነበራት። የበረሃ ፊልም የመጣ ዕለት ግመል ብቅ ሲል ቦሰና፣ «እሰይ! የሸዋወርቅ አንገት!» ብላ ነበርና ሸዋወርቅ ከዚያ ወዲህ በገበያው ግመሊት ሆና ቀረች። ባሏ እንኳ ሲቆጣ በዚሁ ስም ይጠራት ነበር ይባላል። ሸዋወርቅም እንደ ቦሰና አልቃሽ ነበረች። አልቃሽ ደግሞ አትረሳም።

ቦሰና ኑሮዋ ሙሾ ነበር። ባሏ ገና በልጅነቷ ሞቶባት፣ ይርጋለም የምትባል አንዲት ሴት ልጅ ይዛ ቀረች። እርሻ የላት፣ ወንድም የላት፤ ያላት ድምፅ ነው። ከጠባሴ እስከ አንኮበር መንገድ ድረስ ሰው ሲሞት ተልኮ የሚመጣው ወደ እሷ ነበር። የተጠራችበት ቤት ቁና ገብስ ይሰጣል፣ በሐዘን ድንኳን የክብር ቦታ ይሰጣል፤ በሠርግም ቢሆን «እትዬ ቦሰና ትለፍ» ይባላል፤ ነገ ሁሉም እጇ ላይ ነውና። ታዲያ ቦሰና ዝም ብላ አታለቅስም። አስቀድማ ትጠይቃለች፦ የማን ልጅ ነው፣ ምን ይወድ ነበር፣ ማንን ጥሎ ሄደ። «ሳይጠይቁ ማልቀስ ሳይለኩ መስፋት ነው» ትል ነበር።

አንድ ዓመት በመስቀል ሰሞን የፈረስ ፊልም መጣ። ጥቁር ፂም ያለው፣ አገጩ ላይ ምልክት ያለበት ሰው በፈረስ ሲጋልብ ቆይቶ በጥይት ተመታና ሰፊ ሜዳ ላይ ወደቀ። ፈረሱ ብቻውን ሄደ። ጓደኞቹ ኮፍያቸውን አንሥተው ጥቂት ቆሙና እነሱም ሄዱ። አለቀ። እሪ የለ፣ ዋይ የለ፣ አንድ ደረት የሚደቃ የለ።

ቦሰና ያን ቀን አልቀለደችም። ተነሥታ መኪናው ዘንድ ሄደች። ፊልሙን የሚያዞረው የሺጥላ የሚባል ያዲስ አበባ ሰው ነው፤ ፀጉሩን ቅባት የሚቀባ፣ ሳቂታ።

«ይኼ ልጅ የማን ነው?» አለችው።

«የቱ እማማ?»

«አሁን የወደቀው።»

የሺጥላ ወደ ረዳቱ ጠቀሰ። «እ... እሱማ ያሳዝናል እማማ። ፊልሙን ሲያነሡት የእውነት ሞተ እኮ! ላናቱ አንድ ነው።»

«ክርስቲያን ነው?»

«እንዴታ! ስመ ክርስትናው ገብረ ሕይወት ነው።»

«ማን አለቀሰለት?»

«ማንም። በባዕድ አገር ማን ያለቅሳል?»

ቦሰና ነጠላዋን አደግድጋ አቡጀዲው ፊት ቆመች። ለትዳር የደረሰችው ይርጋለም ከኋላ ቀሚሷን እየጎተተች፣ «እማዬ፣ ተይ፣ ሰው ይስቃል» ብትላት አልሰማችም። ድምፅዋ ወጣ።

ፈረሱ ቤት ገባ ኮርቻው ባዶ ሆኖ፣
ጌታው ሜዳ ቀረ ነፋሱን ተከድኖ።
አልቃሽ በሌለበት ወደቅህ በሜዳ፣
እኔ እህት ልሁንህ የማላውቅህ ባዳ።

መጀመሪያ ሳቅ ሳቅ ያለው ነበር። ወዲያው ግን አንዲት ልጇ ኮሪያ ሄዶ የቀረባት ሴት «ወይኔ!» አለችና ደረቷን መታች። ከዚያ ማን ይችላል። ሜዳው በሙሉ አለቀሰ። የሺጥላም ሞተሩን ማጥፋት ፈርቶ ቆሞ ቀረ።

ያች ምሽት ቦሰናን አናት ላይ አወጣቻት። ከሰላ ድንጋይ ሳይቀር በበቅሎ እየመጡ ለለቅሶ ይጠሯት ጀመር። እሷ ግን ሙቷን አልተወችም። አርባው ሲደርስ ከገብሷ ጠላ ጠምቃ፣ ዳቦ ጋግራ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። የደብሩ ቄስ መምሬ ወልደተንሣኤ ይባላሉ።

«ለማን ነው?» አሏት።

«ለገብረ ሕይወት፣ አባቴ። ሰው የሌለው ነው።»

መምሬ ጠላውን ቀምሰው፣ «ነፍሱን ይማር» አሉና ፍትሐቱን አደረሱ።

ዘመን ሳይርቅ፣ ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ መኪናዋ ተመለሰች። የዚያን ቀን መምሬም በርኖሳቸውን ደርበው ከፊት ተቀምጠው ነበር፤ ከቦሰና ጎን። ሞተሩ ተነሣ። በአቡጀዲው ላይ መብራት የሞላው አዳራሽ ታየ፤ ሴቶች ይጨፍራሉ። በሩ ተከፈተ። አንድ ሰው እየሳቀ ገባ፤ ጥቁር ፂም፣ አገጩ ላይ ምልክት። የአንዷን ወገብ ያዘና ያሽከረክራት ጀመር።

ቦሰና ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ አበሰችና እንደገና አየች።

«ቦሰና!» አለች ሸዋወርቅ ከኋላ፣ ያን ረጅም አንገቷን አስግጋ። «ገብረ ሕይወትሽ መጣ! ተቀበይዋ!»

«ምን ይገርማል፣ የፋሲካ ሰሞን አይደል» አለ ሌላው።

«አርባውን በልቶ ነው የወፈረው!»

ሳቁ እስከ ገበያው ድረስ ተሰማ። ቦሰና ተነሥታ ወደ መኪናው ሄደች። የሺጥላ ከመኪናው በር ላይ ተንጠልጥሎ ሆዱን ይዞ ይስቃል።

«ሞተ አላልከኝም?»

«እማማ፣ ሥራው እኮ ነው! መሞት ሥራው ነው፤ ሞቶ ደመወዙን ይቀበላል።»

«ማልቀስም ሥራዬ ነበር» አለችው።

መምሬ ወልደተንሣኤ በርኖሳቸውን ሰብስበው ቆመው ጠበቋት። ሰዉ እንዲሰማ አድርገው ነው የተናገሩት።

«ለሚጨፍር ሰው ፍትሐት አስደረግሽኝ? በመቅደሱ ውስጥ አስቀለድሽብኝ?»

«አባቴ፣ እኔ ምን አውቄ...»

«ለውሻ ብታስፈቺ ይሻልሽ ነበር! ውሻ እንኳ ሲሞት ሞተ ነው።»

ከበድ ያለ ንስሓ ሰጧት። ጠላውን የጠጡት ነገር አልተነሣም።

ንስሓውስ ያልቃል፤ የሰው አፍ ግን አያልቅም። ሸዋወርቅ ግጥም አወጣችላት፤ እረኛው ሁሉ በየሜዳው ያንቆረቁረው ጀመር።

ቦሰና ታልቅስለት ይነሣ እንደሆነ፣
ወራሽ ግን ይጠላል አባቱ ከዳነ።

ቀልድ ነበር። ሰንበትበት ሲል ግን ቀልዱ ወደ ፍርሃት ዞረ። የሷ ሙሾ ሙትን አያሳርፍም ተባለ። አንድ ጌታ ሰው አባታቸው ሲሞቱ ቦሰና ሳትጠራ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ብትሄድ፣ ከደጅ መለሷት። «እትዬ ቦሰና፣ አባታችን ደክመው ነው የሞቱ፤ ደግሞ አትቀስቅሺብን» አሏት። ከውስጥ የሸዋወርቅ ድምፅ ይሰማ ነበር። ሸዋወርቅ ለፌዝ እንጂ ለሙሾ ግጥም አይመጣላትም፤ የሰው ሙሾ ሰብስባ ትቀጣጥላለች። ሰው ግን አለቀሰላት።

ያን ዓመት ቦሰና ጥጥ እየፈተለች ኖረች። ከሁሉ የከፋባት ገብሱ አልነበረም፤ ድምፅዋ ጉሮሮዋ ውስጥ መቅረቱ ነው። ይርጋለም አግብታ፣ አርግዛ፣ ማታ ማታ እየመጣች እናቷን ታጫውታት ነበር።

«ተዪያቸው እማዬ። እኔ ስሞት ታለቅሺያለሽ። የኔን ለቅሶ ሸዋወርቅ አትነጥቅሽም።»

«ምላስሽን ይቁረጠው!» ትላታለች ቦሰና። አብረው ይሥቁ ነበር።

ይርጋለም በምጥ ሞተች። ልጁም አልተረፈ።

ለቅሶው ሜዳ ላይ ሲቆም ሰዉ ሁሉ መጣ፤ አገሩ በቀብር አይቀልድም። ሸዋወርቅም ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጣች። ቦሰና መሀል ገብታ ቆመች። ማንን ትጠይቅ? የማን ልጅ ናት፣ ምን ትወድ ነበር፣ ማንን ጥላ ሄደች፤ መልሱን ሁሉ የምታውቀው እሷ ናት። ሕይወቷን ሙሉ የለካችው ልብስ ለዚህች ቀን ነበር። አፏን ስትከፍት ግን የወጣው ሌላ ነው።

ለማላውቀው ባዳ ባለቅስ ተነሣ፣
ልጄ ተነሺልኝ፣ እውነት ነው ካሉሳ።

ከዚያ አንዲት ሴት ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች፤ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ከጎኗ ያለችዋም ነጠላዋን ሳበች። የሌላዋም ትከሻ ተነሣ። ማን እንደጀመረችው እስከ ዛሬ አይነገርም። ቦሰና ነጭ በነጭ የሆነውን ሕዝብ አየችው፤ ትከሻ ሁሉ ይርገፈገፋል። እንደ ድሮው መሰላት። አስለቀስኳቸው አለች በልቧ፤ ልጄ ሰው አላጣችም አለች። ድምፅዋን ልትጨምር ትንፋሽ ሳበች።

በዚያ ትንፋሽ መሀል ሳቁን ሰማችው። በነጠላ ታፍኖ፣ በአፍንጫ እየሾለከ።

የሳበችው ትንፋሽ አልወጣም። እጆቿ ደረቷ ላይ እንዳሉ ቀሩ። መምሬ ወልደተንሣኤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ለቅሶ መሀሉ ባዶ አይቆምምና ሸዋወርቅ ገባች፤ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አወረደችው።

ፈረሱ ቤት ገባ ኮርቻው ባዶ ሆኖ፣
ጌታው ሜዳ ቀረ ነፋሱን ተከድኖ።

ይርጋለም በዕድሜዋ ፈረስ ላይ ወጥታ አታውቅም። ግን ሰዉ አለቀሰ። ያን ጊዜ የእውነት አለቀሰ፤ እየሳቁ የነበሩት ደግሞ ከሁሉ አብልጠው ደረታቸውን ደቁ። ቦሰና በገዛ ሙሾዋ ሰው ልጇን ሲያለቅስላት ቆማ አየች፤ ከዓይኗ ጠብታ አልወጣም። በኋላ ሴቶቹ፣ «አየሽ፣ ለፈረንጅ ያለቀሰች ለልጇ ደረቀች» ብለው አሟት።

ከዚያ ወዲያ ሙሾ አላወረደችም። ሲኒማ ግን አልቀረችም። መኪናዋ በመጣች ቁጥር ባናዋን ተከናንባ ከፊት ትቀመጣለች። ቀልዷም አልጠፋም፤ እንዲያውም ሰላ። ሰው በጥይት ሲወድቅ፣ «ተነሥ፣ ልብስህ ይቆሽሻል» ትላለች። ሲቀበር፣ «ቶሎ በሉ፣ ማታ ጭፈራ አለበት» ትላለች። ሰው እንደ ድሮው ይፈርሳል። የሺጥላም፣ «እማማ ከሌሉ ፊልሙ አይደምቅም» ይል ነበር።

አንድ ቀን የሕንድ ፊልም መጣ። አንዲት እናት የሞተች ልጇን ጭኗ ላይ አስተኝታ ፀጉሯን ታሻሻለች፤ ታዜማለችም። ቋንቋዋን የሚያውቅ የለም፤ ግን ሙሾ መሆኑን ሁሉም አወቀ። በየቦታው አፍንጫ መጥረግ ተጀመረ። ከዚያ ሰዉ ወደ ፊት፣ ወደ ቦሰና መመልከት ጀመረ። ምን ትል ይሆን ብለው ጆሯቸውን አቆሙ።

ቦሰና ዓይኗን ከአቡጀዲው አልነቀለችም። ያች የጨርቅ ሴት ቀና ብላ፣ እሷን የምታይ መስላ አፍጥጣ ነበር።

«ተይ፣ አታልቅሺ» አለቻት ቀስ ብላ። «ያንቺዋማ ትነሣለች።»

ሜዳው በሙሉ በሳቅ ፈነዳ።