ኖራ ላይ የቀለጠ ቅቤ

2014 ዓ.ም. መስከረም ነው። ወይስ 2015? የኮሮና ጭምብላችንን አገጫችን ላይ እንዳንጠለጠልን ትዝ ይለኛል፤ እንግዲያው 2014 ይሁን። ብቻ ልታስምሉኝ ብትፈልጉ አልምልም። መስቀል ሊደርስ እንደነበረና ዕለቱ ዓርብ እንደሆነ ግን እርግጠኛ ነኝ።

ሳሌሃ ቡታጅራ ውስጥ አብራኝ ታስተምር ነበር፤ እሷ ኬሚስትሪ፣ እኔ አማርኛ። «ሙቀት በጠመኔ ሲጻፍ አያቃጥልም» ትላለች። ስለዚህ ከግንበኞች ኖራ ለምና፣ ሎሚ ከቤቷ አምጥታ ተማሪውን በእጁ እያስነካች ታስተምራለች። ቤተ ሙከራ የምትላት አንዲት ክፍል ነበረቻት። ርዕሰ መምህሩ አቶ ግሩም ክፍሏን ለተሰበረ ወንበር ማከማቻ ፈለጓት።

«ወንበሩን ዝናብ እየመታው ነው» አሏት።

«ወንበሩ ከተማሪው በለጠ?»

«አንቺ ደግሞ! ዓርብ መጥቼ አያለሁ። ጥቅሙ ካልታየኝ ቁልፉን ታስረክቢኛለሽ።»

ዓርብ አቶ ግሩም እጃቸውን አጣምረው በሩ ላይ ቆሙ። እኔም ከኋላቸው ተጠጋሁ። ሳሌሃ ለተማሪው ሁሉ የሎሚ ጭማቂ በብርጭቆ አስያዘችና ቤኪንግ ሶዳ ጨመረችበት። አረፋው ገነፈለ።

«ቲቸር፣ ቀዘቀዘ እኮ!» አለ ራምዚ፣ የኋላ ወንበር ቀልደኛ።

«የሚፈልገውን ሙቀት ከየት አመጣው?»

«ከእጄ ሰረቀኛ!»

«ጎበዝ። ሌባው ሙቀት ወሳጅ ይባላል። አሁን ደግሞ ለጋሱን እዩ።»

ውሃ ያልነካው ኖራ ባለበት ትልቅ ጣሳ ውስጥ ትንሽ ሳህን አስቀመጠች፤ ሳህኑ ላይ ንጥር ቅቤ። ተማሪውን ወደ ኋላ አስጠግታ፣ የሞተረኛ መነጽር አድርጋ፣ ኖራው ላይ ውሃ አፈሰሰች። ኖራው ተንተከተከ፤ ቅቤው ቀለጠ። ሽታው በኮሪደሩ ሄደ።

መስቀል ሲቃረብ ለጉራጌ ቅቤ ማሽተት ማለት ደወል መስማት ማለት ነው። መምህራን ክፍላቸውን ጥለው መጡ። አንዱ ቆጮ ይዞ ደረሰ፤ ከየት እንዳመጣው ዛሬም አልገባኝም። ሥጋ ቢሆን የእስላም ነው፣ የክርስቲያን ነው ተብሎ ግማሹ ይቀር ነበር። ቅቤ ግን ማንንም አይለይም። ዓርብን አጥብቀው የሚጾሙት አቶ ግሩም ብቻ ናቸው።

«ቀልጧል፣ አልቀለጠም?» አለቻቸው ሳሌሃ።

ጣታቸውን ነከሩ። ላሱት።

«ለሳይንስ ነው» አሉ፤ ተማሪው በሳቅ ፈረሰ። ቀጥለውም «ክፍሉ ይቆያል» አሉ።

ቆየ። በሚቀጥለው ሳምንት ግን የመምህራን ምሳ ዕቃ እዚያ ተደረደረ። አንዲት ቴርሞሜትር ገዝቶ የማያውቀው ትምህርት ቤት ኖራ በጆንያ ገዛ። ሳሌሃ ክፍል ስትገባ «እህቴ፣ ወጤ እስኪሞቅ ታገሺኝ» የሚላት ሰው አይጠፋም። ተማሪዎቿ ውጭ ቆመው ይጠብቃሉ። እኔም ሽሮዬን ያሞቅሁበት ቀን አለ፤ ደህና ይሞቃል።

በዓመቱ ወልቂጤ ተዛወረች። ልሸኛት መናኸሪያ ሄድኩ። ሻንጣዋን ጭና መስኮቱ ጋ ተቀምጣለች። ያን ዓርብ አሸነፈች ወይስ ተሸነፈች፣ እሷ ራሷ ምን እንደምትል ልጠይቃት አፌን ስከፍት ረዳቱ «ሞልቷል፣ ሳበው!» ብሎ በሩን ዘጋው። በመስኮቱ እጇን አወዛወዘችልኝ፤ ሚኒባሱ ታጥፎ ሄደ።