ጤዛ ነው ያሉኝ መስመር
ወሎ ውስጥ ግራና ከተማ አጠገብ የግብርና ሠራተኛ ሆኜ በተመደብኩ ሰሞን፣ የአንድ አዛውንት ማሽላ ቅጠል ላይ ነጭ ጠመዝማዛ መስመር አየሁ።

«ጤዛ አቃጥሎት ነው» አሉኝ።

እኔ ደግሞ የነገሩኝን ዝም ብዬ የምቀበል ሰው አይደለሁም። ቅጠሉን ወደ ፀሐይ ከፍ ባደርገው፣ በላይኛውና በታችኛው ቆዳ መካከል አንዲት ትል እየበላች ትሄዳለች።

«ይኸው፣ ይዩት!»

«ዓይኔ ደክሟል» ብለው ሳቁብኝ።

ተናደድኩ። ቅጠሉን ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ከትቼ ቤቴ ወሰድኩትና በየጠዋቱ አየው ጀመር። ትሏ መጀመሪያ ሰሊጥ የምታክል ቡናማ ፍሬ መሰለች፤ ከቀናት በኋላ ከዚያች ፍሬ ትንሽ ዝንብ ወጣች። እየሮጥኩ ማሳቸው ድረስ ሄድኩ።

«እንኩ፣ ጤዛዎ ክንፍ አወጣ!» ብዬ ክዳኑን ከፈትኩት።

ዝንቧ በርራ ማሽላቸው ላይ አረፈች። አዛውንቱ በደከመ ዓይናቸው እስከ ቅጠሉ ድረስ ተከተሏት።

«ማሻአላህ» አሉ፤ «አሳድገህ መለስክልኝ።»