አባቴ «ገባኝ» ሲል

አባቴ ኑርዬ በሕይወቱ «አልገባኝም» ብሎ አያውቅም። ለሐኪሙም ገባኝ፣ ለቀበሌው ጸሐፊም ገባኝ ነው። ቤት ሲመጣ ግን መድኃኒቱን በቀን ስንቴ እንደሚውጥ እኔን ይጠይቀኛል። ሠላሳ ዓመት ሐይቁ ላይ መረብ የጣለ ሰው ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚያፍረው? ያናድደኛል። ቅዳሜ ዕለት ግን ንዴቴ ወደ ፍርሃት ዞረ።

እኔ ሂዳያ ፕሮግራም መጻፍ በስልኬ እየተማርኩ ነው። የደሴ ፕሮግራመሮች በየወሩ ሲገናኙ እሄድና ጥግ ይዤ እሰማለሁ። በዚህ ወር እዚሁ ሐይቅ ከተማ ተሰበሰቡ። ዝናው የሚባለው ልጅ ነፋስ ሊነሳ ሲል ለዓሣ አጥማጆች መልእክት የሚልክ ፕሮግራም ሠርቶ ሙከራ ከጀመረ ሁለት ሳምንቱ ነው። የአባቴም ስልክ ስለተመዘገበ እሱንም አስከትዬ ሄድኩ።

ዝናው ጎበዝ ነው፣ አልዋሽም። ግን ሰርቨር፣ ዳታቤዝ፣ ቀስት በቀስት የሆነ ሥዕል... እኛን ተማርን ባዮቹን እንኳ ግማሹ አልፎን ሄደ። «ግልጽ ነው?» ሲል አዳራሹ በሙሉ ራሱን ነቀነቀ። አባቴ ከሁሉም ቀድሞ «ገብቶናል፣ አላህ ይስጥህ» አለ።

ያኔ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ሐሙስ ዕለት ነፋስ ነበር፤ አባቴም ከነልብሱ በስብሶ ነበር የመጣው። «ዳር ላይ አንሸራቶኝ ነው» ብሎናል። አላመንኩትም፤ እንዳልጠይቀው ግን መልሱን ፈራሁ።

አሁንም ፈራሁ። እዚያ ሁሉ ላፕቶፕ መሀል የሞኝ ጥያቄ ጠይቄ ቢስቁብኝስ? ቢሆንም እጄን አነሳሁ።

«መልእክት ካልመጣስ ምን ማለት ነው?» አልኩ።

«ያው ነፋስ የለም...» ብሎ ጀመረና ቆመ ዝናው። ፊቱ ተለወጠ። «ወይም ደግሞ ኔትወርክ የለም ማለት ነው» አለ ቀስ ብሎ።

ላፕቶፑን ዘጋና መጥቶ አባቴ ፊት ቁጢጥ አለ። «አባት፣ መልእክት ሳይመጣ ሲቀር እርስዎ ምን ያደርጋሉ? እንደሚያደርጉት ይንገሩኝ።»

አባቴ ኮፊያውን አወለቀ፣ መልሶ አጠለቀ። «ዝም ካለ ሰላም ነው ብዬ እገባለሁ» አለ። እኔን ላለማየት መሬት መሬት ያያል። «ሐሙስም ዝም ብሎኝ ነበር። መሀል ላይ ታንኳዋ ተገለበጠችብኝ። ጠርዟን ይዤ ነው የወጣሁት።»

ለሁለት ቀን አብሬው ምሳ ስበላ፣ ይሄን ሆዱ ውስጥ ይዞ ነው።

ዝናው ያለ ሥዕል እንደገና ጀመረ። «ከነገ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ደህና ነው የሚል መልእክትም ይመጣል። ደህና ነው ካላለ፣ ዝም ቢልም አይግቡ። ገባዎት?»

አባቴ እንደልማዱ አፉን ከፈተ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፤ እያለቀስኩ ነበር።

«አልገባኝም» አለ። «ድገመው።»