በሁለት ጣት ያጠፋሁት ድምፅ

ይህን ለነፍስ አባቴም ነግሬ አላውቅም። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ በደርግ ጊዜ በመሠረተ ትምህርት በቆጠርኳት ፊደል፣ ሳቢያን ሰፈር፣ ልጄ ቤት ተቀምጬ ለእናንተ እጽፈዋለሁ። ትናንት የልጅ ልጄ ስልኳን ይዛ እያለቀሰች «እማማ፣ ጓደኛዬ መልእክቴን አይታ ዝም አለችኝ» ስትለኝ ነው ብዕር ያነሳሁት። እኔም አንድ ጊዜ በሰዎች መካከል ዝምታ አስገብቻለሁና።

ሐሊማ የግድግዳ ጎረቤቴ፣ የልብ ጓደኛዬ ነበረች። ጅቡቲ ያለችው አክስቷ ድምፅዋን በካሴት እየቀዳች ትልክላታለች፤ ባቡር ላይ የሚሠራው ባሌ ያመጣዋል፣ በእኔ ቴፕ እንሰማዋለን። አንድ ቀን የአክስቷ ጎረቤት አሻ ካሴቱ ላይ ጣልቃ ገብታ ሰላም አለቻት። በዚያው ተላመዱ። አክስቷ ወደ ሐረር ከተመለሰች በኋላም የሁለቱ ካሴት አልቆመም። ሳይተያዩ! ሐሊማ የአሻን ቀልድ ወደ ኋላ እየመለሰች ትሰማና እንባዋ እስኪፈስ ትስቃለች። እኔ አጠገቧ ሆኜ ሳወራት ግን «አቦ ቆይ፣ እሷን ልስማ!» ትለኛለች። የእኔን ወሬ ማን ወደ ኋላ መልሶ ይሰማዋል? ቀናሁ። ምን ብዬ ላሳምረው? መልኳን በማላውቃት ሴት ቀናሁ።

ሐሊማ ዘመድ ልትጠይቅ ወደ መልካ ጀብዱ ሄዳ ሳለ ካሴት መጣ። ብቻዬን ከፈትኩት። መጀመሪያው የወትሮው ቀልድ ነው። መጨረሻው ላይ ግን፣ በሌላ ቀን የተቀዳ፣ ድምፅዋ ተሰብሮ፦ «ሐሊማዬ፣ ይህን ሳልጨርሰው እናቴ ሞተችብኝ። እዚህ አብሮኝ የሚያለቅስ የለም። ድምፅሽን ላኪልኝ።»

አጠፋሁት። እኔ። ላዩ ላይ ዝምታዬን ቀዳሁበት።

ሐሊማ ስትመለስ ቀልዱን ብቻ ሰማች። እዚያው ቴፔ ፊት ቁጭ ብላ መልሱን ቀዳች፤ «አንቺ አሻ፣ ዋላሂ እናትሽ እንዴት ቻለችሽ!» እያለች ሳቀች። ለሐዘን ቤት ሳቅ ስትልክ አጠገቧ ነበርኩ። ካሴቱን ለባሌ ያስያዝኩትም እኔ ነኝ።

አሻ ከዚያ ወዲያ አልመለሰችም። ሐሊማ ባቡር በገባ ቁጥር በራፌ ላይ ትቆማለች። «ምን አስቀየምኳት?» ስትለኝ፣ «የሩቅ ሰው እንዲሁ ነው» አልኳት። ለራሴ ላስቀራት ብዬ ነበር፤ ቀረችልኝ እንዴ? ካሴቱ ሲቀር እሷም ቀስ በቀስ ቤቴ መምጣቷን ተወች።

አሁን እግሬ አንድ ቦታ አይረጋም፤ ከአንዱ ልጄ ቤት ወደ ሌላው እዞራለሁ። ሐሊማ መልካ ጀብዱ አለች ይሉኛል። የዚያን መንገድ ብቻ አልሄድም። ለልጅ ልጄ ግን «ሂጂና ፊቷን እያየሽ ጠይቂያት» አልኳት።

ምሕረት ከእናንተ አልለምንም፤ የምትሰጡኝ እናንተ አይደላችሁም። ሳላውቅ ነካሁት እንዳልልም፣ ያ ቴፕ የሚቀዳው ቀዩን ቁልፍና ማጫወቻውን አንድ ላይ ሲጫኑት ብቻ ነበር። ሁለት ጣት ይፈልጋል። ሁለቱም የእኔ ነበሩ።