የጠና ጆሮና ሦስተኛው ሲሊንደር

ጠና ከሆሳዕና መናኸሪያ ጀርባ ጋራዥ ከፍቶ ሲሠራ ሃያ ስድስት ዓመት ሞልቶታል። እንጀራ ያበላው እጁ እንዳይመስላችሁ፤ እጁማ እንደማንም መካኒክ እጅ ነው። ያበላው ጆሮው ነው። የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ያደርግና ዓይኑን ይጨፍናል። ከዚያ «ይቺ ቫልቭ ናት» ይላል፤ ሲፈታ እውነትም ቫልቭ ሆና ትገኛለች። ከዱራሜና ከሀደሮ ድረስ መኪናቸው እያነከሰች የሚመጡ ሹፌሮች ሌላውን ጋራዥ ሁሉ አልፈው እሱ ጋ የሚቆሙት ለዚህ ጆሮ ብለው ነው።

ይህን ሰው ነው እንግዲህ የመምህርት ሰብሌ አሮጌ መኪና ግራ ያጋባችው።

መኪናዋ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ሰብሌ ከአባቷ ወርሳት በየቀኑ ወደ ትምህርት ቤት ትሄድባታለች። ሰኞ መጀመሪያ የመጣች ቀን የሞተር መብራቱ በርቶ ነበር። አውቶሞቲቭ ተምራ ከአባቷ ጋር የምትሠራው የጠና ልጅ ገነቴ መዳፍ የምታህል መመርመሪያዋን ሰካችና የብልሽቱን ኮድ አነበበች።

«አባባ፣ ሦስተኛው ሲሊንደር በደንብ አይቃጠልም ይላል።»

ጠና ካቻቢቴውን አንስቶ አዳመጠ። አራቱም ሲሊንደሮች ልስልስ ብለው ነው የተሰሙት። «ይቺን ማሽን የሸጠልሽ ሰው ሸውዶሻል» አላትና ሳቀ። ልጁን ሆድ እንዳይብሳት ብሎ ብቻ ሦስተኛውን ካንዴላ ቀየረ። ገነቴም ኮዱን አጠፋችና መኪናዋን ሸኙ።

በሁለተኛው ቀን ሰብሌ ተመለሰች። ያው መብራት፣ ያው ኮድ። «ጋሽ ጠና፣ ትራፊክ መብራት ላይ ስቆም እኮ መሪው እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል» አለች። ጠና እንደገና አዳመጠ፤ እንደገናም ጤነኛ ሆነችበት። የቤንዚን ነገር ይሆናል ብሎ መለሳት።

ሐሙስ ለሦስተኛ ጊዜ ስትመጣ ግን ሳቁ ጠፋ። ጥግ ላይ ሁለት የሀደሮ ሹፌሮች ተራ ይጠብቃሉ፤ ዛሬ ካቃተው ወሬው ከእሱ ቀድሞ ሀደሮ ይገባል። ደንበኛ ደግሞ አንዴ እግሩን ካነሳ አነሳ ነው። ስለዚህ ማሽን የሚባል ነገር ሳይነካ በጥንቱ ዘዴ ሊፈትናት ቆረጠ። ሞተሩ ሥራ ላይ እንዳለ የየሲሊንደሩን የኤሌክትሪክ ሶኬት አንድ በአንድ መንቀል ነው። የሚሠራው ሲሊንደር ሲነቀል የሞተሩ ድምፅ ይወርዳል፤ የሞተው ሲነቀል ግን ምንም አይለወጥም። ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም።

አንደኛውን ነቀለ። ድምፁ አልተለወጠም። መልሶ ሰካና ሁለተኛውን ነቀለ፤ አልተለወጠም። ሦስተኛውንም አራተኛውንም እንዲሁ። ግንባሩን በክንዱ ጠራርጎ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። ያው ነው።

«አራቱም ሞተዋል» አለ በመጨረሻ።

ሹፌሮቹ በሳቅ ፈነዱ። ሰብሌ አንድ ነገር አለችው፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው ያየው።

«ምን አልሽ?»

«አራቱም ከሞቱ ታዲያ ሞተሩን ማን እያዞረው ነው?» ብላ ጮኸች።

ጠና ሞተሩ ላይ አፈጠጠ። የሞተ ሞተር ፊቱ ቆሞ ይሠራል! ኮፈኑን ደገፍ አለ፤ መኪናዋ መዳፉ ሥር ተንቀጠቀጠች። እጁ ታማለች ይለዋል፤ ጆሮው ጤነኛ ናት ይለዋል። የቱን ይመን? ቀና ሲል ያልሳቀች አንድ ሰው አየ፤ ገነቴ ናት። ዓይኖቿ ሞተሩን ሳይሆን እሱን ነበር የሚያዩት። ያኔ ሚስቱ ትርፊት ትዝ አለችው፤ ሰሞኑን «ምን ያንሾካሹክሻል?» እያለ ሲቆጣት ነው የከረመው። እሑድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን መዘምራኑ ድምፃቸው ደከመ ብሎ ሲያማቸው ነበር። ሰው ሁሉ ድምፁን የቀነሰው ለምንድን ነው ብሎ አንድ ቀን እንኳ ራሱን አልጠየቀም።

ፈራ። እውነቱን ለመናገር፣ አልቅስ አልቅስ አለው።

«ሰብሌ፣ መኪናሽ አልዋሸችም» አለ። «እኔ ነኝ ያልሰማኋት። ጆሮዬ እየከዳኝ ነው።»

የሹፌሮቹ ሳቅ ቆመ። ገነቴ ለካንዴላው እሳት የሚሰጠውን የሦስተኛውን ሲሊንደር ኮይል ከአንደኛው ጋር አቀያየረችና ኮዱን አጥፍታ መኪናዋን በመናኸሪያው ዙሪያ ነድታ ተመለሰች። ማሽኑ አሁን አንደኛው ሲሊንደር ነው ይላል። በሽታው ከኮይሉ ጋር አብሮ ሄዷል ማለት ነው፤ የተበላሸው ኮይሉ ነው። አዲስ ገዝተው አስገቡና ሞተሩ ተነሳ። ሰብሌ መሪውን ይዛ ፈገግ አለች፤ ሹፌሮቹም ራሳቸውን ነቀነቁ።

ገነቴ ወደ አባቷ ጆሮ ጠጋ ብላ፣ «ልዩነቱ ተሰማህ አባባ?» አለችው።

ሁሉም እያዩት ነው። አዎ ማለት ቀላል ነበር። ጠና ግን ለመጨረሻ ጊዜ ሞተሩን ልብ ብሎ አዳመጠ፤ ለእሱ ያው የሰኞው ድምፅ ነው።

«አልተሰማኝም ልጄ» አለ።